ችግሩን ላላየ ሰው ጥያቄ ማቅረብ

«ሰላም ለዚህ ቤት። የአማርኛ ፊደሉ ተበላሸብኝ፤ የምትችሉ እባካችሁ ተባበሩኝ።» የኮምፒውተር ችግር የገጠማቸው ሰዎች እርስ በርስ በሚረዳዱባቸው የቴሌግራም ቡድኖች ውስጥ ጥቂት የቆየ ሰው ይህንን መልእክት ወይም የሥጋ ዘመዱን ደጋግሞ አንብቦታል። ሰላምታው በወጉ የቀረበ ነው፤ ጭንቀቱም እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ መልእክቱን ያነበበ ባለሙያ የቱንም ያህል ለመርዳት ቢፈልግ ማድረግ የሚችለው መልሶ መጠየቅ ብቻ ነው። ፊደሉ የተበላሸው ስልክ ላይ ነው ወይስ ኮምፒውተር ላይ? አዲስ ሲጻፍ ነው ወይስ የቆየ ጽሑፍ ሲከፈት? ተበላሸ ሲባልስ ምን ሆኖ ነው የሚታየው? ጠያቂው ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመልሶ «ወርድ ላይ ነው» ይላል፤ በዚያን ጊዜ ግን ባለሙያው ወደ ገዛ ሥራው ሄዷል፤ መልእክቱም ከበላዩ በመጡ ሌሎች መልእክቶች ተቀብሯል። ጠያቂው «እዚህ ቤት ሰው አይረዳም» ብሎ አዝኖ ይወጣል።

የዚህ ሁሉ ሥር መላሹ ችግሩን አለማየቱ ነው። ጎረቤት ጠርተን ኮምፒውተራችንን ስናሳይ አንድም ቃል ሳንናገር ብዙ ነገር እንነግረዋለን፤ የትኛው ፕሮግራም እንደተከፈተ ያያል፣ ራሱ ነካ ነካ አድርጎ ይሞክራል፣ እኛ ያላስተዋልነውን ጽሑፍ ከማያው ጥግ ያነባል። ከሩቅ ለሚረዳን ሰው ግን ዓይኑም ጣቱም እኛ የጻፍንለት ጽሑፍ ነው፤ ያልጻፍንለትን ሊያይ አይችልም። ስለዚህ ጥያቄን ጥሩ የሚያደርገው ጠያቂው ያየውን፣ ልክ እንዳየው፣ ላላየው ሰው ማሳየቱ ነው። ይህ ሲባል ቀላል ይመስላል። በተግባር ግን ሰው ያየውን ከመናገር ይልቅ የገመተውን መናገር ይቀናዋል፤ ሁለቱንም ሳይለያቸው ያቀላቅላል።

ከላይ የጠቀስኩትን «ፊደሉ ተበላሸ» የሚለውን ቃል ጠጋ ብለን ብንመረምረው ነገሩ ግልጽ ይሆናል። በዚህ አንድ ቃል ሥር ቢያንስ አራት የተለያዩ ችግሮች አሉ፤ መፍትሔያቸውም ፈጽሞ አይገናኝም።

የመጀመሪያው በፊደሎቹ ቦታ ባዶ ሳጥኖች ተደርድረው ሲታዩ ነው። ይህ ሲሆን ጽሑፉ ራሱ ደኅና ነው። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱ ፊደል የትኛው እንደሆነ ያውቃል፤ የፊደሉን መልክ የያዘ ፎንት ግን የለውም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው፤ ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ መጥቷል። ዛሬም ቢሆን በቆየ ወይም ባልተሟላ ማሽን ላይ ሳጥኖቹ ይታያሉ፤ እንደ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ያለ ፎንት መጫን ብቻውን ይበቃል።

ሁለተኛው በአማርኛው ቦታ የላቲን ፊደላትና ሥርዓተ ነጥቦች ተዘበራርቀው ሲታዩ ነው። ይህ ብዙ ጊዜ የቆዩ ሰነዶች ችግር ነው። ከዩኒኮድ በፊት የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የግዕዝን ፊደላት መልክ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ስለነበር ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ፊደል እንደተጻፈ ነው፤ «ሀ» ሆኖ የሚታየን ያ ፎንት ስላለ ብቻ ነው። ሰነዱን ያ ፎንት በሌለበት ማሽን ስንከፍተው፣ ወይም ሁሉንም መርጠን ፎንቱን ስንቀይረው፣ መጋረጃው ይገለጣል። እዚህ ላይ ኒያላን መጫን ምንም አይፈይድም። የሚያስፈልገው ሰነዱ የተጻፈበት ያ የድሮ ፎንት ወይም ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ የሚለውጥ መሣሪያ ነው፤ ለዚህ ደግሞ መላሹ ሰነዱ በምን ፕሮግራም እንደተጻፈ ማወቅ አለበት። ወርድ ላይ ጽሑፉን መርጦ የፎንቱን ስም ማየት አሥር ሰከንድ አይፈጅም፤ ያ ስም በጥያቄው ውስጥ ቢጻፍ ግማሹ መልስ ተሰጠ ማለት ነው።

ሦስተኛውም የተዘበራረቀ ላቲን ይመስላል፤ ልብ ብሎ ላየው ግን መልኩ ይለያል። ጭረት የደፋች ትንሽ የላቲን «ኤ» (á) በየጥቂት ምልክቱ እየተመላለሰች ትታያለች። ምክንያቱም ዩቲኤፍ-8 በተባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል በሦስት ባይት፣ ማለትም በሦስት ትንንሽ የመረጃ ክፍሎች፣ ይቀመጣል፤ የሁሉም የመጀመሪያ ባይት ደግሞ አንድ ዓይነት ነው። ፋይሉን የከፈተው ፕሮግራም በምዕራብ አውሮፓ አጻጻፍ የተቀመጠ መስሎት ሦስቱን ባይቶች እንደ ሦስት የተለያዩ ምልክቶች ሲያነብ ያች «ኤ» በእያንዳንዱ ፊደል መጀመሪያ ላይ ትወጣለች። ሲኤስቪ የተባለውን፣ ሰንጠረዥን እንደ ተራ ጽሑፍ የሚያስቀምጠውን ፋይል በቀጥታ በኤክሴል የከፈተ ሰው ብዙ ጊዜ የሚገጥመው ይህ ነው። ፋይሉን ሳያስቀምጡ ዘግቶ፣ ዳታ ከሚለው ምናሌ አስገብቶ፣ አጻጻፉን ዩቲኤፍ-8 ብሎ መምረጥ ያድነዋል።

አራተኛው ከሁሉም የከፋው ነው፤ በፊደሎቹ ቦታ የጥያቄ ምልክቶች ብቻ ተሰልፈው ይታያሉ። ባብዛኛው ይህ የሚሆነው ጽሑፉ ግዕዝን መያዝ በማይችል አጻጻፍ ወይም የመረጃ ቋት (ዳታቤዝ) ውስጥ ሲቀመጥ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሊይዘው ያልቻለውን ፊደል ሁሉ ጥሎ በቦታው የጥያቄ ምልክት ጽፏል። የተጣለው ከዚያ ፋይል ተመልሶ አይገኝም፤ ፍለጋው መሆን ያለበት የቀድሞ ቅጂ ነው፤ ኢሜይል ውስጥ፣ ፍላሽ ላይ፣ ሌላ ሰው ዘንድ። ይህን የመሰለ ፋይል የያዘ ሰው ፎንት እየጫነና እያራገፈ ሦስት ቀን ሊያባክን ይችላል።

እንግዲህ «ተበላሸ» ከማለት ይልቅ «ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታያል» ወይም «ሁሉም የጥያቄ ምልክት ሆኗል» ብሎ መጻፍ የሚጨምረው ሁለት ወይም ሦስት ቃል ነው። እነዚያ ቃላት ግን ከአራቱ መንገዶች ሦስቱን ይዘጉና መላሹን በቀጥታ ወደ አንዱ ይወስዱታል። ልብ ሊባል የሚገባው ደግሞ ጠያቂው ስለ ዩኒኮድ ወይም ስለ ባይት አንዳች ማወቅ አያስፈልገውም፤ ዕውቀቱ የመላሹ ነው። ከጠያቂው የሚጠበቀው ምስክርነት ነው። ጥሩ ምስክር ያየውን ይናገራል፤ ፍርዱን ለዳኛው ይተዋል።

ሰው ግን ሲጨነቅ ይፈርዳል። «ቫይረስ ገብቶብኝ ነው መሰለኝ ፋይሎቼን በላቸው» የሚል ጥያቄ ሲቀርብ መላሾቹ ሁሉ ስለ ጸረ ቫይረስ ማውራት ይጀምራሉ፤ ፋይሎቹ ግን ወደ ሌላ ማህደር ተዛውረው ይሆናል፤ ወይም ሰውየው በሌላ የተጠቃሚ ስም ገብቶ ይሆናል። ግምት መጻፉ ነውር የለውም፤ አንዳንዴም ትክክል ይሆናል። ነገር ግን ካየነው ተለይቶ፣ «የእኔ ግምት ይህ ነው» ተብሎ፣ በመጨረሻ ቢቀመጥ ይሻላል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። በዚህ ሥራ ውስጥ በሽታን የሚደብቀው ብዙ ጊዜ ሐፍረት አይደለም፤ ምልክቱን ትቶ የበሽታውን ስም ለራስ ማውጣት ነው።

ኮምፒውተሩ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነትም አለ፤ ይኸውም «ኤረር» የምንለው መልእክት ነው። አማርኛ ተናጋሪዎች እዚህ ላይ አንድ የተለየ ችግር አለብን። መልእክቱ የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው፤ ጥያቄውን የምንጽፈው በአማርኛ ነው፤ ስለዚህ መልእክቱን ወደ አማርኛ እንተረጉመዋለን። «ፋይሉ አልከፈት አለኝ» ብለን የተረጎምነው መልእክት በእንግሊዝኛው ፋይሉ በተባለው ቦታ የለም ብሎ ይሆናል፣ ለመክፈት ፈቃድ የለህም ብሎ ይሆናል፣ ወይም ሌላ ፕሮግራም ይዞታል ብሎ ይሆናል፤ ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ስለዚህ ማብራሪያው በአማርኛ ቢሆንም መልእክቱ ከነቁጥሩ፣ ከነነጥቡ፣ አንድ ፊደል ሳይቀነስ በቅጂ ቢለጠፍ ይመረጣል። ማያውን በስልክ ፎቶ አንስቶ መላክ ምንም ካለመላክ ይሻላል፤ ሆኖም ፎቶው ብዙ ጊዜ ደብዛዛና ግማሹ የተቆረጠ ከመሆኑም በላይ መላሹ ከፎቶ ላይ ቃሉን ቀድቶ መፈለግ ይቸግረዋል፤ ነገ ተመሳሳይ ችግር የሚገጥመው ሌላ ሰውም በፍለጋ አያገኘውም።

አሁን ደግሞ ብዙም ወደማይነገርለት፣ እኔም ራሴ ወደወደቅኩበት ጉድጓድ እንለፍ። የዕድራችንን አባላት መዝገብ ከወረቀት ወደ ኤክሴል ስናዛውር መዝጋቢዎቹ ብዙ ነበርን፤ እያንዳንዳችንም እንደለመድነው ጻፍን። አንዱ «ኃይለ ማርያም» ሲል ሌላው «ሀይለማርያም» አለ፤ «ፀሐይ» ከ«ጸሀይ»፣ «ሠናይት» ከ«ሰናይት» ጋር ተቀላቀለች። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ መመዝገቡን ለማወቅ ብንፈልግ ኤክሴል የተለያዩ ስሞች ናቸው ብሎ ያልፋቸዋል። በዚህ ጊዜ ወደ አንድ ቡድን ገብቼ ያቀረብኩት ጥያቄ፣ አሁን ሳስበው ያስቀኛል፣ «ኃ፣ ሐና ሠ የሌሉበት የአማርኛ ኪቦርድ አለ?» የሚል ነበር።

ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ኪቦርድ ተወያየን። አንዱ የሚያውቀውን ፕሮግራም ላከ፣ ሌላው ቁልፎችን እንዴት መዝጋት እንደሚቻል አስረዳ፤ ሦስተኛው ደግሞ ፊደል ይቀነስ አይቀነስ የሚለውን የቆየ ክርክር አንሥቶ ግማሽ ቀን ወሰደብን። በመጨረሻ አንዲት ሴት «ወንድሜ፣ ይቅርታና፣ ኪቦርዱን ለምን ፈለግኸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገሩን ስነግራት መልሱ ከአምስት ደቂቃ በላይ አልፈጀባትም። ስሞቹን በባለቤቶቻቸው አጻጻፍ እንዳሉ ተዋቸው፤ አጠገባቸው ሌላ ዓምድ ጨምርና ሰብስቲትዩት በተባለው ፎርሙላ ሃን፣ ሐን፣ ሓን፣ ኀንና ኃን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ዐን ወደ አ እየለወጥክ፣ የቀሩትንም ቤቶቻቸውን እንዲሁ፣ ባዶ ቦታውንም እያጠፋህ ስሞቹን ድገማቸው፤ ድግግሞሹን በዚያኛው ዓምድ ላይ ፈልግ። የሰው ስም ሳይነካ፣ ኪቦርድ ሳይቀየር፣ ችግሩ አለቀ።

የእኔ ጥፋት የፈለግሁትን ግብ ደብቄ፣ ለግቡ ያሰብኩትን አንድ እርምጃ ብቻ መጠየቄ ነበር። እርምጃው የተሳሳተ ከሆነ መላሾች ሁሉ በተሳሳተው መንገድ ላይ እንድንራመድ ይረዱናል፤ ጥሩ መላሽ በበዛ ቁጥር ርቀን እንሄዳለን። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከጥያቄው በፊት «የምፈልገው በመዝገቡ ውስጥ ሁለት ጊዜ የገቡ ሰዎችን ማግኘት ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ማስቀደም። ያንን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ የተቸገረ ሰው ምናልባት የሚፈልገውን ገና አላወቀም፤ ይህንንም ማወቅ ጥቅም አለው።

መዝገቡ በመቶ የሚቆጠሩ ስሞች ነበሩት። ሙሉውን ፋይል ብልክ ኖሮ ማንም ከፍቶ አያየውም ነበር፤ በዚያ ላይ የሰዎች ስልክ ቁጥር አለበት። የላክሁት የፈጠራ ስሞች የተጻፉባቸውን አራት ረድፎች ነው፤ አራቱ ችግሩን ሙሉ በሙሉ ያሳያሉ። ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ይህንን ልማድ አጥብቀው ይይዙታል፤ አምስት መቶ መስመር ኮድ ከመለጠፍ ስሕተቱን አሁንም የሚያወጡ አሥር መስመሮች እስኪቀሩ ድረስ ይቆርጣሉ። ቆረጣው ራሱ ምርመራ ነው። አንዱን ክፍል ስናወጣ ስሕተቱ ከጠፋ ጥፋቱ እዚያ ነበር ማለት ነው፤ ስለዚህ ጥያቄውን እያሳጠርን ሳለ መልሱን ራሳችን እናገኘዋለን፣ ጥያቄውም ሳይላክ ይቀራል። አንዳንድ ፕሮግራመሮች ጠረጴዛቸው ላይ የጎማ ዳክዬ አስቀምጠው ችግሩን ለእሷ ጮክ ብለው የሚያስረዱት በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚህ ሌላ በጥያቄ ውስጥ መኖር ያለባቸው ነገሮች ዝርዝራቸው ረጅም አይደለም፤ የመሣሪያውና የፕሮግራሙ ስም ከነእትሙ፣ ችግሩ የጀመረበት ጊዜና ከዚያ በፊት የተለወጠ ነገር፣ እስካሁን የተሞከረውና ሲሞከር የሆነው። ስለ ጊዜ ግን አንድ ነገር ልጨምር። «ማክሰኞ 3 ሰዓት ላይ ሲስተሙ ቆመ» ብለን ስንጽፍ አዲስ አበባ ያለ ሰው ጠዋት ወይስ ማታ ብሎ ይጠይቃል፤ ዋሽንግተን ያለው የአገራችን ልጅ ደግሞ በየትኛው አቆጣጠር ነው ይላል። በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሆነው ሲስተሙን በሚያስኬደው ዋና ኮምፒውተር፣ በሰርቨሩ፣ መዝገብ ላይ ብዙ ጊዜ በዓለም አቀፉ ሰዓት 6 ሰዓት ሆኖ ተጽፎ ይገኛል፤ የእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፈረንጁ አቆጣጠር ከጠዋቱ 9 ሰዓት ነው፤ ከዓለም አቀፉ ሰዓት ደግሞ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። ዓመቱም እንዲሁ ነው፤ «የ2016 ወርድ» የፕሮግራሙ እትም ሲሆን «በ2016 የተጻፈ» ግን ምናልባት በእኛ ዘመን አቆጣጠር ይሆናል። አቆጣጠሩን አብሮ መጻፍ እዚህ ላይ የጨዋ ልማድ ነው።

ስለ ጨዋነት ከተነሣ፣ «ሰላም፣ ኤክሴል የሚችል አለ?» ብሎ ጠይቆ መልስ መጠበቅ ትሕትና የሚመስል ነገር ግን ሌላውን የሚያስጨንቅ ልማድ ነው። «አለሁ» ብሎ የሚመልስ ሰው ያላየውን ችግር ለመፍታት ቃል እንደገባ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ብዙዎቹ አንብበው ዝም ይላሉ። ጥያቄው ቢታይ ግን ኤክሴል እንደማይችል የሚያስብ ሰው እንኳ ያቺን አንዷን ያውቃት ይሆናል። ሰላምታችን ረጅም መሆኑ ወጋችን ነው፤ ወጉን ማጥፋትም አያስፈልግም፤ ሰላምታውንና ጉዳዩን በአንድ መልእክት ማድረስ ይበቃል። «በውስጥ አናግሩኝ» የሚለውም እንዲሁ ቢቀር ይሻላል። በአደባባይ የተሰጠን የተሳሳተ መልስ ሌላው ያርመዋል፤ በውስጥ የተሰጠውን ግን የሚያርመው የለም፤ አጭበርባሪም ቢሆን የሚመርጠው ውስጡን ነው። የማረጋገጫ ኮድ፣ የቴሌብር ሚስጥር ቁጥር ወይም የይለፍ ቃል የሚጠይቅ «ረዳት» ከመጣ ውይይቱን እዚያው ማቋረጥ ነው፤ ለማንኛውም የኮምፒውተር ችግር መፍትሔ ሲባል ለማያውቁት ሰው የሚሰጥ የማረጋገጫ ኮድ የለም። የማያ ምስል ከመላክ በፊትም የሂሳብ ቁጥር፣ የፋይዳ ቁጥርና የሌላ ሰው ስልክ አለመኖሩን ማየት ይገባል፤ አንዴ ከተላከ በኋላ ቢሰረዝም ማን እንዳስቀረው አይታወቅም።

መልስ ሲመጣ ሞክሮ ውጤቱን መመለስ የጥያቄው አካል ነው። «ተፈታ፣ አመሰግናለሁ» መልካም ነው፤ «ተፈታ፤ ሁለተኛው ሐሳብ ነው የሠራው፤ የመጀመሪያው ፎንቱን አልቀየረውም» ግን ለሚመጣው ሰው ይበልጥ ይጠቅማል። መልስ ካገኙ በኋላ ጥያቄውን ሰርዘው የሚሄዱ አሉ፤ አላዋቂ ላለመምሰል ይሆናል። ቀሪው መልስ ግን ጥያቄው የሌለው፣ ስለ ምን እንደተነገረ የማይታወቅ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል።

ያ የመጀመሪያው ጥያቄ እንደገና ቢጻፍ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ሰላም ለዚህ ቤት። አባቴ የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ በአማርኛ የጻፈውን የወርድ ሰነድ ማተም እፈልጋለሁ። በቢሮው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ በአማርኛ ይነበባል፤ በእኔ ላፕቶፕ፣ ዊንዶውስ 10 ላይ ስከፍተው ግን ከፊደሎቹ ይልቅ የላቲን ፊደላትና ነጠላ ሰረዞች ተዘበራርቀው ይታያሉ፤ ሳጥን ወይም የጥያቄ ምልክት የለውም። ጽሑፉን ስመርጠው ከላይ የሚታየውን የፎንት ስም ከሥር ለጥፌዋለሁ። ኒያላን መርጬ ሞከርኩ፤ ምንም አልተለወጠም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች በሁለቱም ማሽኖች ላይ እንደሚታዩ አያይዣለሁ።» ይህን ያነበበ ሰው ሌላ ምንም ሳይጠይቅ «አሮጌው ኮምፒውተር ላይ እያለ በፒዲኤፍ አስቀምጠው፤ ለማተም እሱ ይበቃሃል። ጽሑፉን ማረም ከፈለግህ ደግሞ ያንን ፎንት ቀድተህ አምጣና ወደ ዩኒኮድ እንለውጠው» ብሎ ይመልስለታል።